ዋሸ፣ አታለለ፣ አጭበረበረ፦ ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ልምረጥ?

እንግሊዝኛቸው ጥሩ የሆነ ሰዎች እንኳ እዚህ ጋ ይንሸራተታሉ። ገንዘቡን የተበላ ሰው «ላይ» (ዋሸ) ብሎ ይጽፋል። ጓደኛው ሒሳብ ያጓደለበት ሰው «ሂ ቺትድ ኦን ሚ» ይላል፤ ሰሚው ደግሞ የፍቅር ጉዳይ ይመስለዋል። «አሳሳች መረጃ ሰጥታችሁኛል» ለማለት የፈለገች ደንበኛ ሳታውቀው «ወንጀለኞች ናችሁ» የሚል ኢሜይል ትልካለች።

መዝገበ ቃላት ስትገልጡ «አታለለ» ለሚለው አንድ ግስ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረው ታገኛላችሁ። የትኛው መቼ እንደሚሆን ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ቃላቱን ከመሸምደድ ይልቅ ድርጊቱን መበተን ልመዱ። ቃሉ ከድርጊቱ ውስጥ ይወጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሎንግማን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አሉ። የምትፈልጉት ትርጉሙን ብቻ አይደለም፤ ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣውን መስተዋድድና የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹንም ጭምር ነው። የአብዛኛው ሰው ስሕተት እዚያ ጋ ነው ያለው።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ የጻፍኳቸው በድምፃቸው ነው። አጻጻፉ የሚያሳስት ከሆነ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ።

ደረጃ 1፦ ታሪኩን «አታለለ» ሳትሉ ጻፉት

የሆነውን ነገር በአማርኛ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «አታለለ»፣ «ሸወደ»፣ «አጭበረበረ» ማለት ክልክል ነው። ማን ምን አለ፣ ማን ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ሆነ፤ ይኸው ነው።

«ተከራዩን አታለለው» ብላችሁ ከሆነ እንደዚህ ቀይሩት፦ «የሰው ቤት አሳይቶ ‹የኔ ነው› አለው። የሦስት ወር ኪራይ ተቀበለና ስልኩን ዘጋ።» አሁን ታሪኩ ራሱ ታየ።

ቀጥሎ እነዚህን አራት ጥያቄዎች መልሱ፦

1. እውነት ያልሆነ ነገር በአፍ ወይም በጽሑፍ ተነግሯል?
2. ሰሚው አምኗል?
3. የፈረሰ ደንብ ወይም መተማመን አለ?
4. ገንዘብ ወይም ንብረት ተወስዷል?

መልሱን ካላወቃችሁ አትገምቱ። በተለይ «ሆን ብሎ ነው ወይስ ተሳስቶ?» የሚለው ካልጠራላችሁ ደረጃ 8 ላይ ያሉትን ለስላሳ ቃላት ተጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ ሐሰት ከተነገረ «ላይ»

አጻጻፉ ኤል፣ አይ፣ ኢ ነው። ተናጋሪው ነገሩ እውነት እንዳልሆነ እያወቀ እውነት ነው ብሎ ሲናገር ነው የምትጠቀሙበት። ሰሚው ማመን አለማመኑ ለውጥ አያመጣም። «ዋሸኝ፣ እኔ ግን አላመንኩትም» እንደሚባለው በእንግሊዝኛም ይባላል። ሳያውቅ የተሳሳተ ነገር የተናገረ ሰው ግን አልዋሸም፤ ለእሱ «ሂ ዎዝ ሮንግ» ይበቃል።

አሰካኩን እንዲህ አድርጉ፦

- «ዋሸኝ» ለማለት «ሂ ላይድ ቱ ሚ» በሉ። አማርኛው ሰውየውን ግሱ ላይ ስለሚለጥፈው «ሂ ላይድ ሚ» ማለት ይቀናናል። «ቱ» ከሌለች ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ነው።
- «ስለ ዕድሜው ዋሸ» ሲሆን «ሂ ላይድ አባውት ሂዝ ኤጅ»።
- ስም ሆኖ ሲመጣ «ቴል ኤ ላይ» ነው። «ሴይ ኤ ላይ» አይባልም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ተጋደመ» የሚለው ግስም የሚጻፈው በነዚሁ ሦስት ፊደላት ነው። ያለፈ ጊዜው ግን ይለያል። የመጋደሙ «ሌይ» ይሆናል፣ የመዋሸቱ «ላይድ»። «ሂ ሌይ ቱ ሚ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ሰርዙት። በ«ኢንግ» ሲያልቁ ሁለቱም አንድ ናቸው፦ ኤል፣ ዋይ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ።

የውሸት መጠንም የራሱ ስም አለው። ሰው ላለማስቀየም የሚባል ውሸት «ዋይት ላይ» ይባላል። ትንሽ፣ የልጅ ዓይነት ውሸት «ፊብ» ነው። ፍርድ ቤት ምሎ በሐሰት መመስከር «ፐርጁሪ» ነው፤ ይሄ የወንጀል ስም ስለሆነ ከፍርድ ቤትና ከመሐላ ውጭ አታውሉት።

ደረጃ 3፦ ሰሚው ካመነ «ዲሲቭ»፣ «ሚስሊድ» ወይም «ፉል»

እዚህ ደረጃ ላይ ቆም በሉ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

*«ዲሲቭ»* ውጤትን የሚናገር ቃል ነው። አንድ ሰው ያልሆነውን ሆነ ብሎ እንዲያምን ተደርጓል ማለት ነው። ስለዚህ «ሂ ዲሲቭድ ሚ፣ ግን አላመንኩትም» ማለት እርስ በርሱ ይጣላል። ካላመናችሁ «ሂ ትራይድ ቱ ዲሲቭ ሚ» በሉ፤ ሞከረ እንጂ አልተሳካለትም።

ሌላው ነገር፣ «ዲሲቭ» ንግግር አያስፈልገውም። ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. በ2015 የተጋለጠበትን ጉዳይ አስቡ። የናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ የተጫነው ሶፍትዌር መኪናው እየተመረመረ መሆኑን ለይቶ የጭሱን ብክለት ይቀንስ ነበር። መንገድ ላይ ሲወጣ ብክለቱ ይጨምራል። ምርመራው ላይ ማንም አፉን ከፍቶ ሐሰት አልተናገረም፤ መርማሪዎቹ ግን ያልሆነውን አመኑ። «ዲሲቭ» ማለት ይሄ ነው።

ከግሱ በኋላ መስተዋድድ አታስገቡ። «ዲሲቭ ሚ» እንጂ «ዲሲቭ ቱ ሚ» የለም። ስትጽፉት ከ«ሲ» ቀጥሎ መጀመሪያ «ኢ»፣ ከዚያ «አይ» ይመጣል። ቃሉ ጠንከር ያለና የጽሑፍ ቃና ያለው ነው። ቤት ውስጥ ለሚባል «አታታልለኝ» «ዶንት ላይ ቱ ሚ» ማለት ይቀላል።

*«ሚስሊድ»* ለብዙ ሰው የሚጎድለው ቃል ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ የምትይዙ ከሆነ እሱን ያዙ። ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የተነገረው ቃል ሁሉ እውነት ሆኖም «ሚስሊድ» ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሳይታሰብም ሊደርስ ይችላል።

መኪና ሻጭ «ከኔ በፊት አንድ ባለቤት ብቻ ነው የነበረው» ይላል። እውነቱን ነው። ያ አንድ ባለቤት ግን የታክሲ ድርጅት ነበር፤ መኪናው ቀንና ሌት ሲሠራ ኖሯል። ሻጩ አልዋሸም። ገዢው ግን መኪናው ብዙም ያልተነዳ መሰለው። «ሂ ላይድ» ብትሉ ሻጩ ይከራከራችኋል፣ ያሸንፋችኋልም። «ሂ ሚስሌድ ሚ» ብትሉ የሚይዘው ነገር የለም።

በወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1998 በቴሌቪዥን ቀርበው የዋይት ሐውስ ተለማማጅ ሠራተኛ ከነበረችው ከሞኒካ ለዊንስኪ ጋር ተገቢ ያልሆነ ግንኙነት እንደነበራቸው ሲያምኑ የመረጡት ይሄንኑ ቃል ነው። በጥር ወር የሰጡት የምስክርነት ቃል ከሕግ አንጻር ትክክል ነበር አሉ፤ ሆኖም ሕዝቡን፣ ባለቤታቸውንም ጭምር «ሚስሌድ» ማድረጋቸውን ተናገሩ። «ዋሸሁ» አላሉም። ሁለቱ ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ የምታዩት እዚህ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለፈ ጊዜ ሲጻፍ «ኤ» የምትባለው ፊደል ትወጣለች፤ ንባቡም «ሚስሌድ» ይሆናል። አገሬው ሳይቀር እዚህ ጋ ይሳሳታል።

*«ፉል»* ደግሞ ለወሬ ነው። «ዩ ካንት ፉል ሚ» ማለት «እኔን አትሸውደኝም» እንደማለት ነው። ለቀልድ ከሆነ ግን «ኪድ» ይሻላል። «እየፎገርኩህ ነው» ለማለት «አይም ጀስት ኪዲንግ» በሉ። እዚህ ቦታ «አይም ላይንግ» ካላችሁ ቀልዱ ይጠፋና ኑዛዜ ይሆናል።

ቅጽሎቹንም ለዩ። «ዲሲትፉል» ለሰው ነው፤ ተንኮል ያለበት፣ አታላይ። «ዲሴፕቲቭ» ለነገር ነው፤ መልኩ የሚያሳስት። ጥልቀቱ የማያስታውቅ ወንዝ «ዲሴፕቲቭ» ነው፤ ወንዙን «ዲሲትፉል» ካላችሁት ክፋት አሰባችሁበት ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ዘዴውን ለዩ

ታሪኩ ውስጥ ዋናው ነገር ብልሃቱ ከሆነ ከሦስቱ አንዱን ውሰዱ።

- *«ትሪክ»፦* ሰውን ሸውዶ አንድ ነገር ማስደረግ። «ኢንቱ» ይከተለዋል፣ ከዚያ በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ። «ፓስወርዴን እንድሰጠው ሸወደኝ» ሲሆን «ሂ ትሪክድ ሚ ኢንቱ ጊቪንግ ሂም ማይ ፓስወርድ»። «ትሪክድ ሚ ቱ ጊቭ» አትበሉ።
- *«ፕሪቴንድ»፦* ማስመሰል። «የተኛ አስመሰለ» ለማለት «ሂ ፕሪቴንድድ ቱ ቢ አስሊፕ»።
- *«ብለፍ»፦* የሌለ አቅም ወይም የማይፈጸም ዛቻ አሳይቶ ሌላውን ማስፈራት። ይሄን ቃል «ጉራ» ብሎ መፍታት የተለመደ ነው፤ ልክ አይደለም። ጉራ «ቦስት» ነው። «ሌላ ድርጅት እጥፍ ደመወዝ እየሰጠኝ ነው» ብሎ አለቃውን የሚያስፈራራ፣ ግን ምንም ያልቀረበለት ሠራተኛ «ብለፍ» አደረገ ይባላል።

ደረጃ 5፦ ደንብ ወይም መተማመን ከፈረሰ «ቺት» እና «ቢትሬይ»

«ቺት» ማለት ሌሎች የሚያከብሩትን ደንብ ጥሶ ያልተገባ ጥቅም ማግኘት ነው። ፈተና መኮረጅ፣ ጨዋታ ላይ ማጭበርበር፣ ግብር መሸሸግ። ውሸት ላይኖርበት ይችላል። የጎረቤቱን ወረቀት አይቶ የገለበጠ ተማሪ ማንንም አላናገረም፤ ግን «ቺት» አድርጓል።

የመስተዋድዱ ጉዳይ እዚህ ላይ ከባድ ነው፦

1. «ፈተና ላይ ኮረጀ» ሲሆን «ሂ ቺትድ ኦን ዘ ኤግዛም»።
2. «ሂ ቺትድ ኦን ሂዝ ዋይፍ» ሲሆን በሚስቱ ላይ ሌላ ሴት ያዘ።
3. «ሂ ቺትድ ሚ አውት ኦፍ ማይ መኒ» ሲሆን ገንዘቤን በማጭበርበር ወሰደብኝ።

ከ«ኦን» በኋላ ሰው ከመጣ የሚታሰበው የፍቅር ክህደት ነው። ስለዚህ ስለ ሥራ ባልደረባችሁ ወይም ስለ ወንድማችሁ ስታወሩ «ቺትድ ኦን ሚ» ከአፋችሁ እንዳይወጣ።

«ቺት» እና «ላይ» አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ለማየት ብስክሌተኛውን ላንስ አርምስትሮንግን ውሰዱ። የተከለከለ መድኃኒት ወስዶ በብስክሌት መወዳደሩ «ቺት» ነው። ለዓመታት «አልወሰድኩም» እያለ መማሉ «ላይ» ነው። ያመኑት ደጋፊዎቹ «ዲሲቭድ» ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰባቱን የቱር ደ ፍራንስ ድሎች የተነጠቀው በ«ቺት» ነው፤ ውሸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሎቹን ባላጣ።

መተማመን ብቻ ፈርሶ ደንብም ሐሰትም ከሌለ «ቢትሬይ» ነው፤ «ከዳ»። ምሥጢራችሁን ለሌላ የነገረ ጓደኛ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ግን ከድቷችኋል።

ደረጃ 6፦ ገንዘብ ከተወሰደ

እዚህ ቃላቱ ብዙ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ይያዛል።

- *«ስካም»፦* በስልክ፣ በኢንተርኔት፣ በሐሰት ማስታወቂያ የሚሠራ ማጭበርበር። ዛሬ በየቀኑ የሚሰማው ይሄ ነው። «ተጭበረበርኩ» ለማለት «አይ ጎት ስካምድ»።
- *«ኮን»፦* መጀመሪያ አመኔታችሁን ያገኛል፣ ከዚያ ይበላችኋል። ቃሉ ራሱ «ኮንፊደንስ» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው። መግባባትና መቀራረብ ከሌለበት «ስካም» ይሻላል።
- *«ስዊንድል»፦* ትርጉሙ ለ«ኮን» ይቀርባል፤ ከወሬ ይልቅ ጽሑፍ ውስጥ ይመቻል። ለንግግር አያስፈልጋችሁም።
- *«ሪፕ ኦፍ»፦* ከመጠን በላይ አስከፈለኝ። ማንም ላይዋሽ ይችላል፤ ዋጋው ብቻ ነው ያቃጠላችሁ።
- *«ፍሮድ»፦* የሕግ ቃል ነው። ስም እንጂ ግስ አይደለም፤ «ሂ ፍሮድድ ሚ» አይባልም። ግሱ «ዲፍሮድ» ነው፣ «ኦፍ» ይከተለዋል፦ «ዲፍሮድድ ሄር ኦፍ ሄር ሴቪንግስ»።

«ፍሮድ» ከሌሎቹ የሚለየው ትርጉሙን ሕግ ስለሚወስነው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የእ.ኤ.አ. 2006 ሕግ ለምሳሌ ሦስት መንገድ ያስቀምጣል፦ ሐሰተኛ ነገር መግለጽ፣ መናገር ግዴታ የሆነበትን መረጃ መደበቅና የተሰጠን የኃላፊነት ቦታ ያለአግባብ መጠቀም። እዚያ ሕግ ውስጥ ገንዘቡ በእርግጥ ባይወሰድ እንኳ ሐሳቡ ካለ ወንጀሉ ይቆማል። ስለዚህ በአንዱ አገር «ፍሮድ» የሆነ ነገር በሌላው ላይሆን ይችላል።

አሁን ተለማመዱ። በርናርድ ማዶፍ የኒውዮርክ ባለሀብት ነበር። ገንዘባቸውን ለሰጡት ሰዎች ያልተፈጸመ ግብይት የሚያሳይ የሒሳብ መግለጫ ይልክላቸው ነበር። ለቀደሙት የሚከፍለው አዲስ ከሚገቡት ሰዎች ከተቀበለው ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 አሥራ አንድ ክሶችን አመነ፣ በሰኔ የ150 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አራቱን ጥያቄዎች አስኪዱበት። ሐሰት ተጽፏል፤ «ላይ»። ታምኗል፤ «ዲሲቭ»። መተማመን ፈርሷል፤ «ቢትሬይ»። ገንዘብ ሄዷል፤ «ኮን»። ፍርድ ቤት አረጋግጧል፤ «ዲፍሮድ»። ሁሉም ይስማማል፣ ግን ጋዜጣ የሚመርጠው የመጨረሻውን ነው። ደንቡ ይሄ ነው፦ ብዙ ቃል ሲገጥም በማስረጃ የተደገፈውን ከባዱን ያዙ።

ደረጃ 7፦ ዕቃ፣ ሰነድና ወሬ

አጭር ነው። «ፌክ» ለሁሉም ሐሰተኛ ነገር ይሆናል። «ፎርጅ» ለፊርማና ለሰነድ ነው። «ካውንተርፊት» ለገንዘብና ለታዋቂ ምርት ቅጂ። «ፎርጅድ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ለማንኛውም ነገር ስለምናውለው «ፎርጅድ ሹዝ» ማለት ያምረናል፤ ለጫማ «ፌክ» በሉ።

ሕዝብን ለማሳሳት የተፈበረከ ወሬ ወይም ግኝት «ሆክስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1912 እንግሊዝ ውስጥ «ጥንታዊ የሰው ቅሪት» ተብሎ የቀረበው፣ በ1953 የሰው የራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ተገጣጥሞ የተሠራ መሆኑ የተጋለጠው የፒልትዳውን ሰው ጥሩ ምሳሌ ነው።

«ሚስኢንፎርሜሽን» የተሳሳተ መረጃ ሲሆን የሚያሰራጨው ሰው እውነት መስሎት ሊሆን ይችላል። «ዲስኢንፎርሜሽን» ሆን ተብሎ የሚረጭ ነው። አክስታችሁ በቅንነት ፎርዋርድ ያደረጉት የሐሰት መልእክት የመጀመሪያው ነው፤ መልእክቱን ፈጥሮ የለቀቀው ሰው የሠራው ሁለተኛው።

ደረጃ 8፦ ከመላካችሁ በፊት ክብደቱን መዝኑ

የመረጣችሁት ቃል ሰውየው ላይ ምን እንደሚጭን ጠይቁ። «ዩ ሚስሌድ ሚ» ቅሬታ ነው። «ዩ ላይድ ቱ ሚ» ክስ ነው። «ዩ አር ኤ ላየር» ደግሞ ድርጊቱን አልፎ ሰውየውን ይመታል። በእንግሊዝ ፓርላማ አንድ አባል ሌላውን «ላየር» ቢል ቃሉን እንዲያነሳ ይጠየቃል፤ እምቢ ካለ ከአዳራሹ ይወጣል። በእናንተም ኢሜይል ውስጥ ያንኑ ያህል ይከብዳል።

ማስረጃ በእጃችሁ ከሌለ እነዚህን ተጠቀሙ፦ «ኢናኪውሬት» (ትክክል ያልሆነ)፣ «ሚስሊዲንግ» (የሚያሳስት)፣ «ሂ ክሌምድ ዛት» (እንዲህ ነው ብሏል፣ ማረጋገጫ ግን አላየሁም)። በተለይ የመጨረሻው ማንንም ሳትከሱ ጥርጣሬያችሁን ያስተላልፋል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ሁለት ቃል እኩል ገጠመ።* ወደ ጥያቄ 2 ተመለሱ። ሰሚው አምኖ ከሆነ «ዲሲቭ»፤ ካላመነ ወይም ካላወቃችሁ «ላይ»።

*መስተዋድዱ ጠፋባችሁ።* ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጉና ምሳሌዎቹን ብቻ አንብቡ። ካጣችሁት ተገብሮ አድርጉት፤ «አይ ዎዝ ሚስሌድ»፣ «አይ ዎዝ ትሪክድ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው።

*ሰሚው በሳቅ ወይም በድንጋጤ አያችሁ።* ምናልባት «ቺትድ ኦን» ብላችኋል። ወዲያው «አይ ሚን፣ ሂ ቱክ ማይ መኒ» በሉ።

*ከባድ ቃል ጽፋችሁ ላካችሁ።* ረጅም ማብራሪያ አትጻፉ። «ፍሮድ» ወይም «ላይ» ያላችሁትን ጠቅሳችሁ፣ ለማለት የፈለጋችሁት «ሚስሊዲንግ» መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክሉ። ከሱ ቀጥሎ የትኛው መረጃ፣ በየትኛው ቀን፣ እንዴት እንዳሳሳታችሁ አስፍሩ።